ከእንግዲህ አልዘገይም

ዓርብ፣ ሰኔ 27፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ኢንስፔክተር ፋንታነሽ ደብረ ማርቆስ ከሚገኘው የአቶ ዋኘው የእንጨት ሥራ ቤት ስትደርስ፣ ባለቤቱ በቀለም መጋዘኑ ወለል ላይ በጎኑ ተኝቶ ሞቷል። ጫማውን አላወለቀም፤ ጋቢውን ግን አጣጥፎ በርጩማ ላይ አስቀምጦታል። አጠገቡ የተባይ መድኃኒት ጠርሙስና አንድ የሻይ ብርጭቆ አለ። ከብርጭቆው ሥር በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተቀምጧል።

ሳጅን አስማማው ወረቀቱን ጎንበስ ብሎ አነበበው። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነው፤ ማንኛውንም ነገር የዕቃ ዝርዝር በሚያነብበት ድምፅ ነው የሚያነበው።

«‹ዕዳው ከአቅሜ በላይ ሆኖብኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም። ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ይቅር በሉኝ። ከእንግዲህ አልዘገይም።› ከሥሩ እስከ አያቱ ስምና ፊርማ።» ቀና አለ። «ከእንግዲህ በዚህ ዓለም አልቆይም ማለቱ ነው። ምስኪን። ይኸ እንኳ ብዙ አያደክመንም።»

ፋንታነሽ ጓንቷን አጠለቀች። ባሏን ከቀበረች ዓመት አልፏታል። ከዚያ ወዲህ ነገር ሁሉ ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ ወሬ ነው የሚደርሳት፤ አያስደስታትም፣ አያሳዝናትም። ሆዷ ሥራ ሲፈታ ዓይኗ ብቻ ሥራ አልፈታም። ወረቀቱን በጠርዙ ይዛ ወደ ብርሃን አወጣችው። የቤተ ክህነት ትምህርት ያለው ሰው ጽሕፈት ነው፤ ፊደሉ እኩል፣ መስመሩ ቀጥ ያለ። እንዲህ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ግን እያንዳንዱን መስመር ከወረቀቱ ግራ ጫፍ፣ ከአፋፉ ላይ ጀምሮታል።

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ሥራነሽ ደጅ፣ የጣውላ ክምር ላይ ተቀምጣለች። ለከተማው ቅርብ የሆነ ገጠር እህቷ ዘንድ ሰንብታ ዛሬ ማለዳ በመጀመሪያው ሚኒባስ ስትመለስ ነው ሬሳ የጠበቃት። አታለቅስም። ከጎኗ የባሏ የነፍስ አባት ቄስ ዘማርያም መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ኢንስፔክተር» አለች ሥራነሽ። «መሞቱን አይቻለሁ። ምን እንደ ገደለው ይንገሩኝ። ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ፍትሐት የለውም ተብያለሁ። ነገ ስድስት ሰዓት ነው የሚቀበር። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የኖረን ሰው እንዲያው አፈር አልብሼ አልመለስም።»

ቄስ ዘማርያም መሬት መሬቱን እያዩ «በእጁ ጽፎ ከሄደ እኔ ምን ላድርግ ልጄ» አሉ። «ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።»

«እስከ ነገ አራት ሰዓት ይታገሡኝ፣ አባ።»

«እታገሣለሁ። አንቺ የምትይውን ነው የምይዝ።»

ፋንታነሽ ወረቀቱን ለሥራነሽ አሳየቻት። «ጽሕፈቱ የእሱ ነው?»

«የእሱ ነው።» ሥራነሽ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። «ለእኔ የተጻፈ ግን አይደለም። ለእኔ ሲጽፍ ‹ሥርዬ› ብሎ ነው የሚጀምር። ሊሞት ሲል በአያቱ ስም ይፈርምልኛል?»

«ዕዳው የምንድን ነው?»

ሥራነሽ ብዙ ጊዜ የተናገረችውን ነገር እንደሚደግም ሰው ሳትቸኩል ነገረቻት። ዋኘው በኅዳር ወር ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሦስት መቶ የተማሪ ዴስክ ሠርቶ አስረከበ። ዕቃው ተቆጥሮ ገባ፤ የመረከቢያው ሰነድ፣ ሞዴል 19፣ ተቆረጠለት። ክፍያ ሲጠይቅ ግን ግብር የከፈለበት ማረጋገጫ፣ ክሊራንስ የሚሉት ወረቀት፣ ጊዜው አልፎበት ተገኘ። አሳድስ ተባለ። ሊያሳድስ ሲል ደግሞ ዘግይተሃልና ቅጣት አለብህ የሚል ወሬ መጣበት።

«ቅጣቱን እንዳይከፍል ገንዘቡ ዴስኩ ላይ ነው። የዴስኩን እንዳይቀበል ክሊራንስ የለውም። ስምንት ወር በዚህ ሲመላለስ ሁለት ጫማ ጨረሰ። ሰኞ ደግሞ ሰኔ ሠላሳ ነው፤ በጀት ይዘጋል። ያልተከፈለው ገንዘብ ፈሰስ ይሆናል አሉት፣ ወደ መንግሥት ካዝና ይመለሳል።»

«ዋናውን ግብር ከፍሎ ነበር?»

«ከፍሏል። ደረሰኙ ሁሉ ቤት፣ ሣጥን ውስጥ አለ። በግንቦት ቅጣቱ ይነሣልኝ ብሎ ማመልከቻ ሲጽፍም አይቸዋለሁ። ሁለት ገጽ። ማን እንዳስገባለት ግን አላውቅም።»

«ደረሰኞቹን እፈልጋቸዋለሁ» አለች ፋንታነሽ።

ከመንገዱ ማዶ የሃኒ ሻይ ቤት አለ። ሃኒ ገና ሠላሳ ያልሞላት ሴት ናት፤ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች።

«ትናንት ሠራተኞቹ መቼ ወጡ?»

«መብራት የጠፋ ጊዜ፣ ስምንት ሰዓት ላይ። ያለ መብራት መጋዙ አይሠራ። ጋሼ ዋኘው ብቻውን ቀረ። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ራሱ መጥቶ ሁለት ሻይ ወሰደ።»

«ሁለት?»

«ሁለት። እንግዳ ነበረዋ። እንግዳውን አላየሁትም፤ በኋላ በር፣ በወንዙ በኩልም ይገባል።»

«ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ነው የሚጠጣ?»

«ሰሞኑን አዎ። የሰኔን ጾም ይዞ የለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም። ‹ኧረ ጋሼ፣ የቄስ ጾም እኮ ነው፣ አንተ ምን ቤት ነህ› ብዬው ነበር። ‹እኔስ ለቅስና ጥቂት አይደል የቀረኝ› አለኝ።» ፈገግታዋ ሳያልቅ ጠፋ። «አንዱን ብርጭቆዬን ፖሊስ ይዞታል አሉ። ሌላውስ?»

ሌላው ብርጭቆ የትም አልተገኘም። ሐኪሙ በስልክ የነገራትም አጭር ነበር፤ በሟቹ ሆድ ውስጥ ከመርዝና ከሻይ በቀር ምንም የለም።

ፋንታነሽ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ዞረች።

ዴስኮቹን የተረከበው መሥሪያ ቤት የክፍያ ኃላፊ አቶ ምስጋናው ከወረቀት ክምር ኋላ ተቀምጦ ተቀበላት። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ሰውየውን አውቀዋለሁ» አለ። «ያቺ የምታዩዋት ወንበር ላይ ስምንት ወር ተቀምጧል። እኔ ደመወዝ እየተከፈለኝ የእሱን ያህል እዚህ አልተቀመጥሁም።»

«ለምን አልከፈሉትም?»

«ያለ ክሊራንስ ብከፍል ኦዲተር ከእኔ ኪስ ነው የሚያስመልስ። ሦስት ልጅ አለኝ። ‹ጋሼ፣ አንዲት ወረቀት አምጣልኝ፣ በዚያው ቀን እከፍልሃለሁ› ብየዋለሁ። ትናንት ጧት ደውዬም ነግሬዋለሁ።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«የበጀት መዝጊያ ስብሰባ። ከሰባት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። አሥራ ስምንት ሰው ነበርን። ሪፖርቱን የማነበው እኔ ስለነበርሁ እኔ ብቻ አልተኛሁም።»

የዋኘውን ፋይል አስወጣችው። በውስጡ ዋኘው በእጁ የጻፋቸው ሦስት ማመልከቻዎች አሉ። ሁሉም በግራ በኩል ሁለት ጣት የሚሆን ባዶ ቦታ ተትቶላቸዋል፤ ሁሉም በላይኛው ማዕዘን አንድ ቦታ ተበስተው በነጭ ክር ታስረዋል። ፋንታነሽ ባዶውን ቦታ በጣቷ ለካችውና ፋይሉን መለሰች።

በግብር ጽሕፈት ቤትም ፋይል የሚታሰረው በዚያው ዓይነት ነው፣ በማዕዘኑ፣ በክር። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የኔአለም የገቢ ደብዳቤ መዝገቧን ከግንቦት ጀምራ በጣቷ እየተከተለች ወረደች።

«በዋኘው ስም የገባ ማመልከቻ የለም። ትናንት ጧት ራሱም መጥቶ ጠይቆኝ ነበር። ‹የቅጣት ይነሣልኝ ማመልከቻዬ ምን ደረሰ› አለኝ። የለም አልሁት። ‹እሺ› አለ።»

«ከዚያስ?»

«ቆመ። ሰልፈኛው እስኪያጉረመርም ድረስ ቆመ። ከዚያ ሄደ።»

ፋንታነሽ ሥራነሽ የሰጠቻትን ደረሰኞች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የኔአለም ቁጥሮቹን ጽፋ ወደ ውስጥ ገባችና ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሱን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ይዛላት ወጣች። ፋንታነሽ አንብባ ቁራጯን ኪሷ ከተተች። ሳጅን አስማማው «ምን ይላል?» ቢላት «ነገ ትሰማለህ» አለችው።

እንጨት ነጋዴው ሙላት መጋዘኑ በር ላይ እንደ ቆመ ነው ያናገራት፤ ግዙፍ፣ ድምፁ ጎርናና ሰው ነው።

«ረቡዕ ጮኼበታለሁ፤ የሰፈሩ ሰው ሰምቷል፣ ምን ልዋሽ? የዴስኩን እንጨት በዱቤ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ‹ሰኞ ካልከፈልኸኝ መጋዝህን እወስዳለሁ› ብየዋለሁ።»

«ሐሙስስ?»

«ደጀን ነበርሁ። የጭነት መኪናዬ ዳገቱ ላይ ተበላሽታ፣ ጋራዥ ዋልሁ አደርሁ። ደረሰኙ ይኸው።» ወረቀቱን አውጥቶ ሰጣት። «ደግሞ አስቡት እንጂ። እሱ ሞቶ እኔን ማን ይከፍለኛል?»

የዋኘውን ሒሳብ የሚሠራለት አቶ መሳፍንት ቢሮው ከአንድ መድኃኒት ቤት ፎቅ ላይ ነው። የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ። በመደርደሪያው የደንበኞቹ ስም የተጻፈባቸው ቦክስ ፋይሎች በወግ ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛው ላይ መብሻ፣ ማስመሪያና ምላጭ አለ።

«ጋሼ ዋኘው አባቴ ማለት ነበር» አለ። «ከሰማሁ ጀምሮ እጄ አልሠራ ብሎኛል።»

«መቼ ነው ያገኙት?»

«ትናንት ጧት፣ አራት ሰዓት ገደማ። በኋላ በር ገብቼ ሻይ ጠጣን፤ ከሃኒ ሁለት ብርጭቆ አመጣ። ሠራተኞቹ መጋዙ ላይ ስለነበሩ ያየኝ ያለ አይመስለኝም። ተክዞ ነበር። ‹ደክሞኛል› አለኝ። እንዲህ ያደርጋል ብዬ መች ጠረጠርሁ።»

«የቅጣት ማመልከቻውን እርስዎ ነዎት ያስገቡለት?»

«እኔ? በዓይኔም አላየሁት። ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ያስገባል። ወረቀቱን ለሰው አያምንም ነበር።»

ፋንታነሽ አመስግና ወጣች። ደረጃው ላይ ሳጅን አስማማው «ይኸኛው እንኳ ጨዋ ሰው ነው» አለ።

«አዎ» አለች። «ሻይም ይወዳል።»

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል ላይ ሁሉም በሥራ ቤቱ ተሰበሰቡ። ወንበር ስላልነበረ ዋኘው ሠርቶ ያልሸጣቸው ዴስኮች ላይ ተቀመጡ። ሙላት ከዴስኩ መሐል ለመግባት ተቸግሮ በጎኑ ሆነ። ምስጋናው እጁን እንደ ተማሪ አጣምሮ ፊት ለፊት ያያል። መሳፍንት ከኋላ፣ ሥራነሽ ከፊት ተቀመጡ። ቄስ ዘማርያም መቀመጥ አልፈለጉም። ሃኒ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሳጅኑም ከእሷ ጎን።

ፋንታነሽ ወረቀቱን በላስቲክ ውስጥ አድርጋ አነሣችው።

«ይህን ሁላችንም የስንብት ቃል ነው ብለን አነበብነው። እኔም እንደዚያው። እትዬ ሥራነሽ ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ባሌ በአያቱ ስም ይፈርምልኛል ወይ? አይፈርምም። ሰው እስከ አያቱ የሚፈርመው ለመሥሪያ ቤት ሲጽፍ ነው። እስቲ ለመሥሪያ ቤት እንደ ተጻፈ አድርጋችሁ ስሙት። ‹ዕዳው ከአቅሜ በላይ ሆኖብኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በሉኝ። ከእንግዲህ አልዘገይም።›»

ምስጋናው ቀና አለ። በሥራው በየቀኑ የሚያነበው ቋንቋ ነው።

«የቅጣት ይነሣልኝ ማመልከቻ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ግብር በመክፈል አልዘገይም ማለቱ ነው።»

«ሁለተኛው ገጽ ነው። እትዬ ሥራነሽ በግንቦት ሲጻፍ አይተውታል። ሊሞት የወሰነ ሰው ከእንግዲህ አልዘገይም ብሎ ቃል አይገባም።» ከዋኘው መሳቢያ ያወጣችውን ባዶ ወረቀት ከሥሩ አደረገች። ጽሑፉ ያለበት በሁለት ጣት ይጠባል። «ዋኘው ሲጽፍ በግራ በኩል ሁልጊዜ ሁለት ጣት ይተዋል። እዚህ ላይ ያ ቦታ የለም፤ በምላጭ ተቆርጧል። ለምን? የተበሳ ወረቀት ስለነበረ ነው። የተበሳ ወረቀት ከፋይል እንደ ወጣ ማንም ያውቃል።»

«ፋይልማ እኛም ቤት አለ» አለ ምስጋናው። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበረ።

«አለ። እናንተ ግን ማዕዘኑን በስታችሁ በክር ነው የምታስሩ። ግብር ጽሕፈት ቤትም እንደዚያው። ከእናንተ ዘንድ ቢወጣ ማዕዘኑ ነበር የሚጎድለው። ሙሉውን ግራ ጠርዝ መቁረጥ የሚያስፈልገው በጎን ሁለት ቦታ የበሳ ሰው ነው፤ ለቦክስ ፋይል። ግብር ጽሕፈት ቤት ማመልከቻው ከናካቴው አልደረሰም። አቶ ሙላት ቦክስ ፋይል አላቸው?»

«እኔ?» አለ ሙላት። «እኔ ወረቀት የማስቀምጠው ኪሴ ውስጥ ነው።»

መሳፍንት ለስላሳ በሆነ ድምፅ «ቦክስ ፋይል በየሱቁ ይሸጣል፣ ኢንስፔክተር» አለ።

«ይሸጣል። ስለዚህ ወደ ሻዩ እንሂድ። ሐሙስ ጧት አራት ሰዓት ላይ ከጋሼ ዋኘው ጋር ሻይ ጠጣን ብለውኛል።»

«ጠጥተናል።»

«ሃኒ» አለች ፋንታነሽ ዘወር ሳትል። «ጋሼ ዋኘው ጧት አራት ሰዓት ሻይ ይጠጣል?»

«በሰኔ?» አለች ሃኒ። «ቢገድሉትም አይጠጣ።» የተናገረችው ዘግይቶ ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

ቄስ ዘማርያም መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «ከልጅነቱ ጀምሮ የሐዋርያትን ጾም ዘልሎ አያውቅም» አሉ። «እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ብዙ ሰው የሰኔን ጾም የቄስ ጾም ነው ብሎ ይተወዋል» አለች ፋንታነሽ። «አቶ መሳፍንትም እንደዚያ ነው ያሰቡት። ሻዩን መጠጣታቸው እውነት ነው፤ ስለ ሁለቱ ብርጭቆ ሃኒ እንደምትናገር ስላወቁ ቀድመው ራሳቸው ነገሩኝ። ሰዓቱን ብቻ ወደ ጧት አዛወሩት። ሟቹ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የሚጠጣ ሰው አልነበረም። ሁለቱ ብርጭቆ የወጣው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። አንዱን ይዘውት ሄደዋል።»

ከኪሷ የየኔአለምን ቁራጭ ወረቀት አወጣች። «እነዚህ ደረሰኞች የግብር ጽሕፈት ቤቱ አይደሉም። በዋኘው ስም ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ብር አልገባም። ገንዘቡን እየተቀበሉ ደረሰኝ ያመጡለት እርስዎ ነዎት፤ ከጀርባው ላይ ዋኘው ‹በመሳፍንት በኩል› እያለ ቀኑን ጽፎበታል። ክሊራንስ ያልወጣው ስለ ቅጣት አይደለም፤ ግብሩ ስላልተከፈለ ነው። ቅጣት ነው ብለው ማመልከቻ አስጻፉት፣ ከፋይልዎ አስቀመጡት። ሐሙስ ጧት ራሱ ሄዶ ማመልከቻው የለም ሲባል ነገሩ ገባው። ከሰዓት ጠርቶ ጠየቀዎት። መርዙን ሻዩ ውስጥ ጨመሩበት፤ ቆርጠው ያዘጋጁትን ወረቀት ይዘው መምጣትዎ ደግሞ አስቀድመው እንዳሰቡበት ያሳያል።»

በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ የሰኔ ዝናብ ጀመረ።

«ቤት እየሠራሁ ነበር» አለ መሳፍንት በመጨረሻ። የሚያወራው ስለ ሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ቀስ እያልሁ እከፍላለሁ ብዬ። ሰኔ ሠላሳ ካለፈ ሁሉም ይረሳሳል፣ በአዲሱ ዓመት ይስተካከላል ብዬ ነበር። እሱ ግን አልተቆጣኝም። ‹ሰኞ አብረን ሄደን እንናገራለን› አለኝ። ‹አብሬህ እቆማለሁ› አለኝ።» አቀረቀረ። «ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።»

ሥራነሽ ዞር ብላ አላየችውም። «ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ጻፈ» አለች ለራሷ። «የሰው ጥፋት ላይ ፈረመ።»

ሳጅን አስማማው መሳፍንትን ይዞት ወጣ። ቄስ ዘማርያም ወደ ሥራነሽ ቀረቡ።

«ፍትሐቱን አደርሳለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ።»

ራሷን ነቀነቀች። ሌሎቹ ሲነሡ ምስጋናው በዴስኩ አጠገብ ቀረ። እጁን የት እንደሚያደርግ አላወቀም።

«እትዬ ሥራነሽ። ሰኞ ሠላሳ ነው። ክፍያውን… ክሊራንሱ አሁንም የለም። አሁን ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይጠየቃል። ለአዲሱ በጀት በውዝፍ እንዲያዝ እጽፋለሁ። እሞክራለሁ።»

«ይቅር» አለች ሥራነሽ።

ምስጋናው ይቅር አልሁህ ማለቷ ይሁን ገንዘቡ ይቅር ማለቷ አልገባውም። ሊጠይቃትም አልደፈረም።

ሰኞ ሰኔ 30 ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፋንታነሽ ጠረጴዛዋ ላይ የምርመራ መዝገቡን አደራጀች። የሐኪሙን ቃል በሳች፣ አስገባች። ደረሰኞቹን በሳች፣ አስገባች። የመጨረሻው የዋኘው ወረቀት ነበር። መብሻውን ወደ ግራ ጠርዙ አስጠጋችና እጇን ገታች። ባዶ ቦታ የለውም። ብትጫነው አንደኛው ቀዳዳ የሚያርፈው ‹ይቅር› የሚለው ቃል ላይ ነው።

መብሻውን አስቀመጠች። ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከታ፣ ፖስታውን ከመዝገቡ ኋላ አደረገችው። በመስኮቱ ማዶ ካሉት መሥሪያ ቤቶች ሰው ጃንጥላውን እየዘረጋ ይወጣ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ፋንታነሽ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ እስኪወጣላት ድረስ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።